«ተጫዋቾቻችን ይበቃሉ ወይ?» ሳትታለብ የምትገዛ ላም ሒሳብ

እንጭኒ ገበያ ላይ የምትታለብ ላም ሊገዛ የመጣ ሰው ግቷ ሞልቶ ስላየ ብቻ ብር አይቆጥርም። ሻጭ ጠዋት ሳያልባት ነድቶ ሊያመጣት እንደሚችል ያውቃልና። መጀመሪያ ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ስንት ጊዜ እንደወለደች ይጠይቃል፤ አራቱም ጡቶቿ ወተት ማውረዳቸውን በእጁ ይሞክራል። ከተቻለም ደላላውን አቁሞ ማታ ታልባ፣ ጠዋት ታልባ ካየ በኋላ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ምን እየበላች ነው ይህን ያህል የምትሰጠው?» ይላል። ፉርሽካና ፋጉሎ እየበላች አሥር ሊትር የሰጠች ላም፣ ገለባ ላይ ስትውል ግማሹንም ላትሰጥ ትችላለች።

ያው ሰው ከገበያ መልስ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ጎራ ሲል ግን ጥንቃቄውን ሁሉ በር ላይ ትቶት ይገባል። የሚደግፈው ክለብ ሁለት ጎል ከተቆጠረበት «እነዚህ አይረቡም! ከበረኛው ጀምሮ ተጠርገው ይውጡ» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ለአንድ ካሸነፉ ደግሞ «ለካ ልጆቹ ችሎታ አላቸው» ብሎ ቡና ይጋብዛል። ለአንዲት ላም ሁለት ቀን የሚመረምር ነጋዴ፣ በሃያ አምስት ሰው ላይ በዘጠና ደቂቃ ይፈርዳል።

ነገሩ የተመልካች ንዴት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ችግሩ ይኸው የዘጠና ደቂቃ ፍርድ ክረምት በገባ ቁጥር በክለብ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት ወደ ብር መለወጡ ነው። ከአሥር በላይ ተጫዋች ይሰናበታል፤ ከአሥር በላይ ይፈርማል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያው ይደገማል። «ያሉን ተጫዋቾች ይበቃሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከስፖርት ጥያቄነቱ ይልቅ የኢንቨስትመንት ጥያቄ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ የማን ገንዘብ ነው?

እንደሚታወቀው ከአገሪቱ ትልልቅ ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት፣ በመንግሥት ልማት ድርጅት፣ በባንክና በኢንሹራንስ ወይም በፋብሪካ ገንዘብ ነው። ከስታዲየም መግቢያ የሚሰበሰበው ገቢ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የቢራ ፋብሪካዎች ያፈሱት የነበረው የስፖንሰር ገንዘብም የአልኮል ማስታወቂያን ያጠበበው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። በሌላ በኩል ከክለብ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የተጫዋች ክፍያ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ግልጽ ነው። የከተማ ክለብ ባለበት ከተማ ሁሉ ግብር ከፋዩ ነጋዴ ሳያውቀው ተጫዋች ገዝቷል ማለት ነው። የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ክለብ ከሆነም ወጪው ከድርጅቱ ትርፍ ላይ ይነሣል። አንድ ድርጅት ማሽን ሲገዛ ጨረታ አውጥቶ፣ ባለሙያ ልኮ፣ የዋስትና ደብዳቤ ጠይቆ ነው። በዓመት ከማሽኑ የበለጠ የሚያስወጣውን ተጫዋች ግን በስልክ ወሬና በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይገዛል። የነበረውንም ምን እንደሠራ ሳይመዝን ያሰናብታል።

የአንድ ቀን ወተት

የመጀመሪያው ስሕተት ከጥቂት ጨዋታ ብዙ መደምደም ነው። ለዚህ ከብሔራዊ ቡድኑ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በጥር 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ገባች። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ በአሥር ሰው፣ ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ ተለያየ። ጎሏን ያገባው አዳነ ግርማ ነበር። በዚያ ምሽት «ቡድናችን በቅቷል» ያላለ ሰው አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ አራት ለባዶ አሸነፈችው፤ ቀጥሎም ናይጄሪያ ሁለት ለባዶ። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ተመለሰ። በዚህኛው ምሽት ደግሞ «አይረቡም» የሚለው ድምፅ በረታ።

ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው የመጨረሻ ደረጃ መውጣትን ያያል። ላሟን የሚያገላብጥ ነጋዴ ግን ተጋጣሚዎቹ እነማን እንደነበሩ ይጠይቃል። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ሆና የመጣች ነበረች። ናይጄሪያ ያንኑ ዋንጫ ወሰደች፤ በፍጻሜው ያሸነፈችውም ቡርኪና ፋሶን ነበር። ማለትም በዚያ ምድብ የቀድሞው ሻምፒዮን፣ የአዲሱ ሻምፒዮንና የሁለተኛው ደረጃ ባለቤት በአንድ ላይ ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሰኔ 2005 ዓ.ም. በዋናነት እነዚያው ልጆች ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለአንድ አሸነፉ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትን ተጫዋች በማሰለፍ ሦስት ነጥብ ተቀንሶባቸው እንኳ ምድባቸውን በአንደኝነት ጨርሰው ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ከቀሩት አሥር የአፍሪካ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በናይጄሪያ በሁለት ጨዋታ ተሸንፈው ቀሩ።

በጥር «አይረቡም» ብሎ ቡድኑን የበተነ ሰው የሰኔውን ድል ባላየም ነበር። ነጥቡ ልጆቹ ምርጥ ነበሩ ወይም አልነበሩም አይደለም። ነጥቡ፣ ሦስት ጨዋታ ለፍርድ የማይበቃ ናሙና መሆኑ ነው። ጤፍ ነጋዴ አንድ ፍንጃል ቀምሶ ሙሉ ጭነት አይገዛም፤ ከየጆንያው ውስጥ እጁን እየከተተ ያያል።

ላሟ ናት ወይስ መኖው?

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው፤ የአሠራሩን ጉድለት በተጫዋቹ ላይ መለጠፍ።

እንጭኒ ዋና ከተማው በሆነችው አዳ በርጋ ወረዳ የጀርሲ ዝርያ የሚረባበት የወተት ከብት ምርምር ጣቢያ አለ። ለአካባቢው ገበሬ ይህ ነገር ትምህርት ቤት ነው። አንድ ዓይነት ዝርያ በጣቢያው መኖና እንክብካቤ የሚሰጠውን ወተትና በደረቅ ገለባ የሚሰጠውን ወተት ጎን ለጎን ያያል። «ላሚቱ ከፍታለች» ከማለቱ በፊት ገንዳዋን የሚመለከተው ለዚህ ነው።

የእግር ኳስ ገንዳም አለ። አሰልጣኙ፣ ልምምዱ፣ ሜዳው፣ ሐኪሙ፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ፣ ተጫዋቹ የሚሰለፍበት ቦታ ሁሉ የቡድኑ መኖ ነው። በእንግሊዝ ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ሻምፒዮን ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ከሞላ ጎደል እነዚያኑ ተጫዋቾች ይዞ አሥረኛ ወጣ፤ አሰልጣኙ ጆዜ ሞሪኞም ዓመቱ ሳይጋመስ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ሌስተር ሲቲ ዋንጫውን አነሣ። ሌስተር ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን 14ኛ፣ ዋንጫውን ካነሣ በኋላ በነበረው ደግሞ 12ኛ ነበር። በሦስት ዓመት 14ኛ፣ 1ኛ፣ 12ኛ! ተጫዋቾቹ አንድ ዓመት ብቻ ችሎታ ኖሯቸው ሌላ ጊዜ ጠፋባቸው ማለት ነው? አይመስልም። የተለወጠው አሠላለፉ፣ የተጋጣሚ ሁኔታ፣ ጤናና ዕድልም ጭምር ነው።

አገር ውስጥም ምስክር አለ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ብልጫ ዋንጫ ወሰደ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አስቆጠረ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደው በ2011 ዓ.ም. እንደገና ሻምፒዮን ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ሦስተኛውን ዋንጫ አነሡ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት የተለያየ የተጫዋች ስብስብ፣ አንድ አሰልጣኝ። ጅማ አባ ጅፋር በበኩሉ ዋንጫ ባነሣ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። በነዚህ ዓመታት «ተጫዋቾቹ ይበቃሉ ወይ?» ብሎ ብቻ የጠየቀ ቦርድ ግማሹን ጥያቄ ነው የጠየቀው። የቀረው ግማሽ «እኛስ ለተጫዋቾቹ እንበቃለን ወይ?» የሚል ነው።

ከእንጭኒ ባሻገር የነበረው ክለብ

በእንጭኒ በኩል ወደ ሙገር የሚያልፉት የሲሚንቶ ጭነት መኪኖች ለከተማዋ ሰው አዲስ አይደሉም። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር አካባቢው የኢንዱስትሪ ስም አገኘ። በፋብሪካው ስም የተቋቋመው የእግር ኳስ ክለብም ለበርካታ ዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። በ2007 ዓ.ም. ከወልድያ ጋር ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሊጉ አልተመለሰም። በዚያው ዓመት በዚያው ወረዳ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ያለው የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመረቀ።

አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይደለም። ሆኖም ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ማየት ለነጋዴ ይጠቅማል። ፋብሪካ እቶኑ በአንድ ፈረቃ ምርት ቢቀንስ «ይህ እቶን አይረባም፤ ነቅላችሁ ጣሉት» አይልም። ጥሬ ዕቃው ምን ነበር? ነዳጁስ? መለዋወጫው በጊዜው ተቀይሯል? ብሎ ይመረምራል። የእቶኑ መዝገብ አለው። ክለቡን የሚያስተዳድር ድርጅት ይህንኑ ልማድ ወደ ሜዳ ይዞ ቢመጣ አዲስ ዕውቀት አያስፈልገውም፤ ያለውን ዕውቀት ቢሮው ትቶት መምጣቱን ማቆም ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ ገበያው ውስጥ ትልቅ ተፎካካሪ ሲገባ ባለቤቱ ድርጅት ወጪውን መቁጠር መጀመሩ አይቀርም። በመቁጠሪያው ጊዜ ምን እንደገዛና ለምን እንደገዛ በመዝገብ ማሳየት የማይችል ክለብ የመጀመሪያው ተቆራጭ ይሆናል። ክለብ ሲፈርስ ወይም ሲወርድ ደግሞ የሚጎዳው ተጫዋቹ ብቻ አይደለም። ከእንጭኒም ሆነ ከሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ተነሥቶ በቅርቡ የሚሞክርበት በር የነበረው ልጅም በሩ ይዘጋበታል።

የሞላ ግትና የደላላ ገበያ

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳየ፤ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢ ካላወቀ፣ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። ገዢ መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚህ ዋጋ የጥሩ ዕቃ ባለቤት አይሸጥም፤ የመጥፎው ባለቤት ግን ደስ ብሎት ይሸጣል።

የተጫዋች ገበያም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹን በየቀኑ በልምምድ የሚያየው የአሁኑ ክለቡ ነው። ጉልበቱ እንደሚያብጥ፣ ከእረፍት በኋላ እንደሚደክም፣ ወይም ዝምተኛ ሆኖ የመከላከሉን ሥራ ሁሉ እንደሚሸፍን የሚያውቀው እሱ ነው። ገዢው ክለብ የሚያየው ስምና የሞላ ግት ነው። ስለዚህ የራስን ተጫዋች ሳይመዝኑ አሰናብቶ የማያውቁትን መግዛት፣ የሚያውቁትን ዕቃ በርካሽ ሸጦ የማያውቁትን በውድ መግዛት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው የውሉ ማጠር ነው። ውሉ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት የሚያልቅ ተጫዋች ሲሄድ ክለቡ የዝውውር ገንዘብ አያገኝም። ሀብት ሳይሆን ኪራይ ነው። በአንጻሩ አቡበከር ናስር ለዓመታት በኢትዮጵያ ቡና ቆይቶ በ2013 ዓ.ም. 29 ጎል በማስቆጠር ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. የያዘውን የ25 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ለመዛወር በቃ። ወጣት ተጫዋችን አንድ መጥፎ ወር አይቶ የሚያሰናብት ክለብ እንዲህ ያለ ልጅ አያፈራም።

የዋጋ ጣሪያውስ?

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ዓላማው ወጪን መግታት ነበር። ይሁንና የነፃ ገበያን ጠባይ የሚያውቅ ነጋዴ ውጤቱን መገመት አያቅተውም። ስኳር ላይ ጣሪያ ሲጣል ስኳሩ በጓሮ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ክፍያውም የጎን መንገድ እንዳገኘ ተደጋግሞ ሲነገር ቆይቷል። ከዚያም በላይ በርካታ ተጫዋች ጣሪያው ላይ ሲደርስ ዋጋ ብቃትን መናገሩን ያቆማል።

በኋላ የመጣው በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ገደብ የሚጥል አሠራር የተሻለ ነው። ምክንያቱም ክለቡን ያስመርጣል። በተወሰነ ገንዘብ ለአጥቂ ብዙ የከፈለ ከተከላካይ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ «ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ቅርጹን ያገኛል፤ «በዚህ ብር ከሱ የተሻለ ማግኘት ይቻላል ወይ?» ይሆናል። ብቃት ያለ ዋጋ አይመዘንም። በ20 ሺህ ብር የሚበቃ ተጫዋች በ50 ሺህ ላይበቃ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ገንዘብ ኃይል አለው። ኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ሲማንስኪና ጋዜጠኛው ሳይመን ኩፐር የእንግሊዝ ክለቦችን ለዓመታት መርምረው እንዳሳዩት፣ በረጅም ጊዜ የክለብን ደረጃ በእጅጉ የሚከተለው የደመወዝ ወጪው ነው። ለዝውውር የሚወጣው ገንዘብ ግን ከደረጃ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው። ለነጋዴ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ያለውን ጥሩ ሰው በሚገባው ደመወዝ ማቆየት ያዋጣል፤ በየክረምቱ መሸመት ግን ብዙ ጊዜ ለደላላ እንጂ ለሜዳ አይጠቅምም።

ጊዜ የለም የሚሉ ወገኖች

«ይህ ሁሉ ምርመራ ጊዜ ላለው ነው፤ መውረድ አፋፍ ላይ ያለ ክለብ የሁለት ቀን ወተት አይጠብቅም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው ውኃ የሚያነሣ ነው። በእርግጥም የማይበቃ ተጫዋች አለ፤ የላም ዕድሜ እንደሚያልፍ ሁሉ የተጫዋችም ያልፋል። ስለ ውለታው ብቻ ማቆየት ሌላው ኪሣራ ነው። ባለፈው ዓመት የወጣበት ብር አይመለስምና «ብዙ ከፍለንበታል» ብሎ ማሰለፍም የነጋዴ ሒሳብ አይደለም።

ነገር ግን ችኮላ አሥራ ሁለት ሰው ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። ቡድን ሲጨነቅ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ነው። ቀዳዳውን ለማግኘት የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም፣ ዕድሜ፣ የተጫወተበት ደቂቃ፣ የተሰለፈበት ቦታ፣ እሱ ሜዳ ላይ እያለ የተቆጠረና የገባ ጎል፣ ከጠንካራና ከደካማ ተጋጣሚ ጋር የነበረው ሁኔታ፣ በጉዳት የቀረበት ቀን፣ ደመወዙና ደመወዙ የዘገየበት ወር ይሠፍራል። የመጨረሻው መስመር ቀልድ አይደለም። የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለውን ልጅ «ሞራል የለውም» ብሎ ማሰናበት፣ ላምን አስርቦ ወተት ነሳችኝ ማለት ነው።

ይህን ወረቀት ለማዘጋጀት የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም። አንድ ጸሐፊ፣ አንድ መዝገብና የአንድ የውድድር ዘመን ትዕግሥት ይበቃል። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን መተላለፍ ስለጀመሩ ደቂቃ መቁጠርና ጨዋታን ደግሞ ማየት እንደ ድሮው ከባድ አይደለም።

ለክለብ ገንዘብ የሚመድቡ የከተማ ምክር ቤቶች፣ የድርጅት ቦርዶችና ስፖንሰር የሚሆኑ ባለሀብቶች ከዚህ በኋላ አንድ ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጡ አይከፋም። የክረምቱ በጀት ከመፈቀዱ በፊት ያ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ከሚሰናበተው ተጫዋች ስም ጎን ምክንያቱ፣ ከሚገባው ጎን ደግሞ ከተሰናባቹ በምን እንደሚሻል በቁጥር ይጻፍ። መጻፍ ካልተቻለ ብሩ ይቆይ።

የእንጭኒው ላም ገዢ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ሻጩ ቢቸኩል፣ ደላላው ቢምል፣ ግቷ ቢሞላ፣ ብሩን ኪሱ አድርጎ ያድራል። ጠዋት ባልዲውን ካየ በኋላ ይወስናል።